ስፌቱ በውጭ በኩል

እህቴን በስሟ የሚጠራት ሰው በሰፈራችን ከአራት አይበልጥም። ለደንበኛው፣ ለመካኒኩ፣ ለጎሚስታው ሁሉ «ሜትር» ናት። የስፌት ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ ነው። እኔ ታናሿ ስለሆንኩ «እትዬ» እላታለሁ። ስታናድደኝ እኔም «ሜትር» እላታለሁ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ታናድደኛለች።

ሥራዋ የመኪና ወንበር ማልበስ ነው። ሱቋ ከጋራዦቹ መደዳ መጨረሻ ላይ ነው፤ ከእኔ ፀጉር ቤት የሚለያት አንድ የቺፑድ ግድግዳ ብቻ ነው። ወንበሩ ከመኪናው ተፈቶ ይመጣላታል። የተቀደደውን ልባስ ትገፈዋለች፣ የሟሸሸውን ስፖንጅ አውጥታ በአዲስ ትተካለች፣ ቆዳ ወይም ጨርቅ ለክታ ሰፍታ ታለብሰዋለች። የስፌት መኪናዋ ሲነሳ የእኔ መስታወት ይንቀጠቀጣል። እኔ ለደንበኛ የማወራውን ደግሞ እሷ ቃል በቃል ትሰማለች። ስለ እሷ የማወራውንም ጭምር፤ መልሷ ግድግዳውን በመዶሻ እየደበደበ ይመጣል።

አሁን ስለ እሷ ልናገር የተነሳሁት ግን ላማት አይደለም። በእህቴ እኮራለሁ። ፊት ለፊት ብነግራት «ምን ፈልገህ ነው?» ስለምትለኝ ነው እዚህ የምጽፈው።

«ጥሩ ስፌት ማለት የማይታይ ስፌት ነው» ትላለች። መኪና ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ሰው ክር ማየት የለበትም። መጋጠሚያው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ክሩ ይደበቃል፣ ላዩ ላይ የሚቀረው ለስላሳ ቆዳ ብቻ ነው። ሌላ ሰፊ የሠራው ወንበር ላይ ክር አፍጥጦ ስታይ «ገበናውን አደባባይ አሰጣው» ብላ ፊቷን ታዞራለች። ስፖንጅ ደግሞ ታነባለች። አዎ፣ ታነባለች። ያረጀ ወንበር ገፍፋ አውራ ጣቷን ስፖንጁ ላይ ታሳርፍና «ባለቤቱ ከባድ ሰው ነው፤ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ወገቡን ሳያመው አይቀርም» ትላለች። ባለቤቱ ወንበሩን ሊወስድ ሲመጣ ወገቡን ይዞ ይመጣል።

ልጇ አንድ ናት። ፌንጣ እንላታለን፤ መራመድ ሳትማር መዝለል የተማረች ልጅ ናት። አባቷ የሞተው የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ከዚያ ወዲህ እናትም አባትም እትዬ ናት፤ እኔ ለማስኮረፍና ለማሳቅ ያህል አለሁ።

ፌንጣን ከፈረስ ጋር ያስተዋወቃት የእናቷ ሥራ ነው። ከከተማው ዳር አንድ የፈረስ ግልቢያ ማሠልጠኛ አለ። የሠረገላቸው መቀመጫ ተቀዶ እትዬን ጠሯትና የአሥር ዓመቷን ልጅ ይዛት ሄደች። እትዬ መቀመጫውን ስትለካ ልጅቱ ጠፋች። ሲፈልጓት ጋጣ ውስጥ የአንዲት ቡላ ባዝራ አንገት አቅፋ ተገኘች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ጋጣ ትጠርጋለች፣ ፈረስ ትቦርሻለች፣ ውኃ ትቀዳለች፤ በለውጡ ግልቢያ ያስተምሯታል። እነሆ አምስት ዓመት ሊሆናት ነው። ሌሎቹ ልጆች ከፍለው የሚማሩትን እሷ በአካፋ ተማረችው። ይህን ሳወራ ድምፄ ከፍ እንደሚል ደንበኞቼ ያውቃሉ።

አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላት ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ እኔ ገባችና የደንበኛ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ሱቄን ስከፍት ያለበሰችልኝ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን የማየው ጥቁር ቡናማ የቆዳ ወንበር ነው። ሌላ ጊዜ ታሽከረክረዋለች፤ ያን ቀን ዝም ብላ ተቀመጠች። ፌንጣ ዝም ካለች ወይ አሟታል ወይ ዋሽታለች።

«አጎቴ» አለችኝ፣ «ምርጫው ላይ አልገባም።»

ምርጫው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ማሠልጠኛው ለወጣቶች ውድድር አራት ጋላቢዎች ይመርጣል። ምርጫው ከልደቷ ሁለት ቀን በኋላ እሑድ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

«ለምን? ወደቅሽ እንዴ?»

«አልወደቅኩም። አሥራ አምስት የሞላው ሰው በራሱ ዕቃ ነው የሚገባው። ሄልሜት፣ ተረከዝ ያለው ጫማ፣ ገምባሌ። የማሠልጠኛው ሄልሜት ለትናንሾቹ ነው፤ ለእኔ ጠቧል። እማ ደግሞ አዲስ የስፌት መኪና ልትገዛ እያጠራቀመች ነው። ከነገርኳት ትተወዋለች። ለባልደራሱ ‹ትምህርት በዝቶብኛል› ብዬ ስሜን አሰርዣለሁ። እንዳትነግራት። ማልልኝ።»

ባልደራሱ የማሠልጠኛው አለቃ ናቸው፤ ሁሉም የሚጠራቸው እንዲህ ነው። እኔም ማልኩላት። ምን ላድርግ፣ ዓይኗ ውስጥ እንባ አየሁ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን ዝም ስል እነቅዛለሁ። እስከ ማግስቱ ምሳ ሰዓት ድረስ ቻልኩት። ከዚያ የአንድ ሰውዬ ፀጉር ግማሹን ቆርጬ «አንዴ» አልኩትና ወደ እትዬ ሱቅ ሄጄ ዘረገፍኩት።

እትዬ መቀሷን አስቀመጠች። «ለእኔ ብላ?» አለች።

«ለአንቺ ብላ።»

«እንዲህ ዓይነት ልጅ ማን ወለዳት በል?»

«አንቺ ነሻ!»

«ዝም በል አንተ ደግሞ!» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስትዞር ዓይኗ በኩራትና በንዴት ረጥቦ አየሁት። ወዲያው ስልኳን አንስታ ለባልደራሱ ደወለች። «የልጄን ስም ይመልሱልኝ። እሷ ግን እንዳትሰማ» አለቻቸው። ስልኩን ዘግታ «የልደቷ ስጦታ ሦስቱ ዕቃ ነው። ሰውየውን በግማሽ ፀጉር አስቀምጠኸው ነው የመጣኸው?» አለችኝ። ለካ በግድግዳው በኩል ሲያጉረመርም ትሰማው ነበር።

ቅዳሜ አብረን ወደ መሀል ከተማ ወጣን። የግልቢያ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ ባለ መስታወት፣ በሩ ላይ የእንጨት ፈረስ ኮርቻ ተጭኖ የቆመበት። ሻጩ ክራባት አስሯል። የሦስቱን ዕቃ ዋጋ ሲነግረን «ፈረሱም አብሮ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። አልሳቀም። እትዬ ግን ዋጋውን የሰማች አትመስልም። ገምባሌውን ገልብጣ ታያለች፣ በጣቷ ትዳስሳለች፣ ቁመቱን ትለካለች። ገምባሌ ማለት ጋላቢ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ የሚለብሰው የቆዳ ልባስ ነው፤ እግሩ በእርካቡ ጠፍርና በኮርቻው እንዳይላጥ ይጠብቀዋል። ሻጩ «ሊገዙ ነው ወይስ ሊፈትሹ?» እስኪላት ድረስ ቆየች። ምንም ሳንገዛ ወጣን።

መንገድ ላይ «ለሦስቱም እኩል አልከፍልም» አለችኝ። «ጫማ ያገለገለም ቢሆን ችግር የለውም፤ ተረከዙ ደህና ይሁን እንጂ። ገምባሌ ቆዳ ነው፤ ቆዳ ደግሞ እኔ ዘንድ አለ። ሄልሜቱን ነው የማላውቀው።»

ለአፍ ዳገት የለውምና «ሄልሜቱን ለእኔ ተይው» አልኳት። አንድ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ደንበኛ አለኝ፤ ጢሙን እኔ ዘንድ ነው የሚላጨው። ሱቁ ውስጥ ጥቁር ከፈፍ ያለው፣ ላዩ ከከፋይ የተሠራ፣ የልዑል የሚመስል የግልቢያ ሄልሜት አይቼ ነበር። ዋጋው የአዲሱ ሩብ አይሆንም። እትዬን ይዣት ሄድኩ፤ ደረቴን ነፍቼ።

እትዬ ሄልሜቱን ገለበጠችው። አውራ ጣቷን ውስጡ ከተተች፤ ግራውን ተጫነች፣ ቀኙን ተጫነች፣ ወደ ኋላ ሄዳ ቆመች። ከዚያ ከኪሷ ትንሿን ምላጭ አወጣችና፣ እኔም ሻጩም «ኧረ!» ሳንል፣ የገበሩን ስፌት ሁለት ጣት ያህል ተረተረችው።

«የፈጣሪ ያለህ! ሴትዮ ምን እያደረግሽ ነው?» ብሎ ሰውዬው ዘሎ ተነሳ።

«ና እይ» አለችው። በገበሩ ሥር ያለው ነጭ ጠንካራ ስፖንጅ በኋላ በኩል ተጨፍልቋል፤ ከመሀሉ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወርዳለች። «ይሄን ያደረገ ሰው በጀርባው ወድቋል። ሄልሜቱ አትርፎታል፤ ሥራውን ጨርሷል። ሌላ ሰው የሚያተርፍበት ጉልበት የለውም።»

ሰውዬው ስንጥቋን በጣቱ ነካት። አላወቀም ነበር፤ እውነቱን ነው። እትዬ ገበሩን እዚያው በመርፌ መልሳ ሰፋችለት። ሰውዬው ግን ሄልሜቱን መደርደሪያው ላይ አልመለሰውም፤ ከቆሻሻው ጋር አወጣው። ስንወጣ እኔ ደረቴ ተንፍሶ ነበር።

«ጭንቅላት ላይ አልቆጥብም» አለች። ያንኑ ዕለት ወደ ባለ መስታወቱ ሱቅ ተመልሳ፣ ከአዲሶቹ ሁሉ ተራውንና ጌጥ የሌለውን፣ የተፈተነ መሆኑ ውስጡ ላይ የተጻፈበትን መረጠች። የስፌት መኪናው ገንዘብ ጎደለ። ልኩን ቀድሜ የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ። ለፌንጣ ጫፉን ላስተካክልልሽ ብዬ ወንበሬ ላይ አስቀምጬ፣ ሜትሩን በግንባሯ ዙሪያ አሳለፍኩት። «ፀጉር ሲቆረጥ ሜትር ምን ያደርጋል?» ብትለኝ «አዲስ ስታይል ነው» አልኳት። ሃምሳ አምስት ሳንቲሜትር። በዚህ አገልግሎቴ እስከ ዛሬ እመጻደቃለሁ።

ጫማውን ካገለገሉ ጫማዎች ክምር ውስጥ አንድ ሰዓት ቆፍራ አገኘችው። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ተረከዙ ቀጥ ያለ፣ ቆዳው ገና ያልሞተ። ሊስትሮው ሶሉን ቀየረላት፤ ቀለም ሲቀባው ባለቤቱ እንኳ የሚያውቀው አልሆነም።

የቀረው ገምባሌው ነበር። ከአንድ አሮጌ የቤት መኪና ወንበር የተረፈ ጥቁር ቡናማ ቆዳ ነበራት፤ የእኔን ወንበር ካለበሰችበት ዓይነት። የልጅቱን እግር ከትምህርት ቤት ሱሪዋ ለካች። ወረቀት ቆረጠች፣ ጣለች፣ እንደገና ቆረጠች። ፌንጣ በበሩ ብቅ ባለች ቁጥር እትዬ ቆዳውን ስፖንጅ ሥር ትወረውረዋለች፤ እኔም በግድግዳው በኩል «ፌንጣ መጣች!» ለማለት አስላለሁ። በዚያ ሁለት ሳምንት ደንበኞቼ ሁሉ ሳንባዬን እንድመረመር መክረውኛል።

ሲያልቅ አሳየችኝ። ምን ልበላችሁ፣ ክር የለም። ከላይ እስከ ታች ለስላሳ ቆዳ ነው። በውጭ በኩል ቁልፍ እንኳ አይታይም፤ መጋጠሚያው፣ ድርቡ፣ ዚፑ ሁሉ ወደ ውስጠኛው የእግር ጎን ተደብቋል። «ባለ መስታወቱ ሱቅ ውስጥ ካየነው ይበልጣል» አልኳት፤ ከልቤ ነው። እሷም በመዳፏ አበሰችው።

ልደቱ ዓርብ ነበር። ረቡዕ ልጅቱ ትምህርት ቤት ሳለች «ባልደራሱ ይዩት» ብላ ይዛኝ ሄደች። ደንቡን ያሟላ እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው አለች፤ እኔ ግን አውቃታለሁ፣ እንዲያደንቁላት ፈልጋ ነው።

ባልደራሱ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ቃል አያባክኑም። ሄልሜቱን አይተው «ጎበዝ» አሉ። ጫማውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ገምባሌውን ያዙ፣ አገላበጡ፣ በውስጠኛው ጎን ላይ መዳፋቸውን አንዴ አሳለፉና ቆሙ።

«ፈረስ ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ ልጄ?»

«ኧረ እኔ! መቼ ወጥቼ?»

«እንግዲያው ልበሺውና ውጪ።»

እትዬ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ገምባሌውን በእሷው እግር ላይ አሰሩት፤ የልጇ ልክ ከእሷ ብዙም አይርቅም። ያቺው ቡላ ባዝራ መጣች፤ አሁን አርጅታለች። እትዬን በርጩማ አስወጧት። የፈረሷን ጋማ በሁለት እጇ ጨምድዳ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ሳቄን ለመዋጥ አጥሩን ነከስኩት። ባልደራሱ ልጓሙን ይዘው ሜዳውን በእርምጃ ዞሩ፤ ከዚያ በሶምሶማ ዞሩ። ሦስተኛው ዙር ላይ እትዬ «ይቁም! እግሬን!» አለች።

ወርዳ ገምባሌውን ስትፈታ በሁለቱም እግሯ ውስጠኛ ጎን ላይ ቀይ መስመር ወጥቷል። ድርብ ስፌቱ ያለበት ቦታ ነው፤ በሜትር የተሰመረ ይመስላል።

«አንቺን እንዲህ ካደረገሽ ፈረሷን ምን እንደሚያደርጋት አስቢው» አሉ ባልደራሱ። «ጋላቢ ፈረሱን የሚይዘው በውስጠኛው እግሩ ነው። አንቺ የደበቅሽው ስፌት የፈረሱ ጎን ላይ ነው ያረፈው። እኔ ደግሞ እሑድ ልጆቹ ሲወርዱ የየፈረሱን ጎን በእጄ አያለሁ። ፈረሱን የላጠ ጋላቢ እንደ ወፍ ቢበርም አልመርጠውም። ስፌቱ በውጭ በኩል ይሁን።»

እትዬ ገምባሌውን ጠቅልላ ያዘች። በሰው ፊት እንዲህ ስትታረም አይቻት አላውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራችው ስፌትን ወደ ውስጥ መደበቅ ነው፤ እጇ ሳታዘው እዚያው ወሰዳት። ከወንበር አልባሽ በቀር እንዲህ የሚሳሳት የለም። ስንመለስ መኪና ውስጥ መስኮቱን እያየች «ልጄን በገዛ እጄ ላስጥላት ነበር» አለች። ያን ጊዜ እንኳ ቀልድ አልመጣልኝም።

ሱቋ ገብታ ስፌቱን ልትፈታ ተቀመጠችና ተወችው። ቆዳ እንደ ጨርቅ አይደለም፤ አንዴ መርፌ የበሳው አይድንም። ፈትታ በሌላ በኩል ብትሰፋው አሮጌው ቀዳዳ መስመር ሠርቶ ይቀራል፣ ቀን ቆጥሮም ይቀደዳል። ሌላ ቆዳ ያስፈልጋል፤ ያ ቆዳ ደግሞ አልቋል። የቆዳ ሱቆቹን ሁሉ ደወለች። ያላቸው ወይ ቀጭን ነው፣ ወይ ዋጋው የማይቀመስ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ የባንክ ሠራተኛ ወንበሬ ላይ አስቀምጬ አረፋ ቀብቼዋለሁ። እትዬ ገባች። ሰላም አላለችም። ቆማ ወንበሬን አየችው፤ ወደ ኋላ ዞራ ጀርባውን አየችው፤ ሜትሯን አውርዳ ለካችው።

«እትዬ» አልኳት፣ «እንዳታስቢው።»

«ጀርባው ሰፊ ነው። ለልጄ ሁለቱም ገምባሌ ይወጣል።»

«ወንበሬ ነው! ደንበኛ ተቀምጦበታል!»

«እሱ ይላጭ፣ እጠብቃለሁ» ብላ ከበሩ ቆመች።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ ጢም ላጭቼ አላውቅም። የባንክ ሠራተኛው ግን ጉዳዩን ከሁለታችን ጭቅጭቅ ተረድቶ ኖሮ፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ተነሳና «እኔ ቆሜም ይሆንልኛል፤ ለልጅቷ ይሁን» አለ። በገዛ ደንበኛዬ ተከዳሁ። እትዬ ምላጯን አወጣች። የወንበሬ ጀርባ በአሥር ደቂቃ ተገፎ ቢጫ ስፖንጁ ወጣ፤ በበሩ የሚያልፈው ሁሉ እያየ ይስቃል። አልዋሽም፣ ከፍቶኝ ነበር። ግን እሷ ቆዳውን ደረቷ ላይ አቅፋ ስትወጣ ሳያት፣ መቀመጫውንም ጭምር ብትወስደው እሰጣት ነበር።

ያን ቀን የስፌት መኪናዋን አልሰማሁም። ወፍራም ቆዳ ነውና በእጇ ነው የሰፋችው፤ በሁለት መርፌ፣ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ እየገባ። ከሰዓት በኋላ ገብቼ ሳይ የያዘችው ክር ጥቁር ቡናማ አይደለም፤ ነጭ ነው፤ ወፍራም።

«ምነው፣ ክር አለቀብሽ?» አልኳት።

«መታየቱ ካልቀረ ደህና አድርጎ ይታይ» አለች፣ ቀና ሳትል። ስፌቱ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት፣ በውጭ በኩል፣ ሁለት ረድፍ ሆኖ ወርዷል። አንዱ ነጥብ ከሌላው አንድ ፀጉር አይበልጥም፣ አንድ ፀጉር አያንስም። ስለ ፀጉር ደግሞ የምናገረውን አውቃለሁ።

ዓርብ ፌንጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የእናቷ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ሦስቱ ዕቃ ተደርድሮ ጠበቃት። ቆመች። ሄልሜቱን አየች፣ ጫማውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«ምለህልኝ ነበር።»

«ምዬ ነበር» አልኳት። «እኔ እስከ ማግስቱ ምሳ ድረስ የምታመን ሰው ነኝ።»

እናቷ «ስምሽን አስመልሻለሁ። ሁለተኛ ለእኔ ብለሽ እንዳትዋሺ» አለቻት፤ ልትቆጣ ነበር የፈለገችው፣ ድምጿ ግን ከዳት። ልጅቱ ገምባሌውን አንስታ ነጩን ስፌት በጣቷ ከላይ እስከ ታች ተከተለችው። «እማ፣ ይሄን አንቺ ነሽ የሰፋሽው?» ብላ ጠየቀች። እትዬም «ወደ ውጭ ሆነ እንጂ…» ብላ ማስተባበል ስትጀምር ፌንጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ቀሪውን አላየሁም፤ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባ።

እሑድ ማሠልጠኛው ሜዳ በሰው ተሞልቷል። አሥራ አንድ ልጆች ለአራት ቦታ ቀርበዋል። ብዙዎቹ ከባለ መስታወቱ ሱቅ የለበሱ ናቸው፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ክር የማይታይበት። በእነሱ መሀል የእኛዋ ነጭ ስፌት ከሩቅ ይጣራል። አንዲት እናት ለባሏ «ያቺን አየሃት? እግሯ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ስትል ሰማኋት። እትዬም ሰማች። ከአጥሩ ሸሸት ብላ ከኋላዬ ቆመች።

ተራዋ ሲደርስ ፌንጣ በቡላዋ ባዝራ ሳይሆን በአንድ ወጣት ዳማ ፈረስ ወጣች። የመጀመሪያውን መሰናክል ዘለለች፣ ሁለተኛውን ዘለለች። ሦስተኛው ላይ የፈረሱ የኋላ እግር ነካውና እንጨቱ ወደቀ፤ ሕዝቡ «ውይ!» አለ። እሷ አልደነገጠችም፤ አንገቱን መታ መታ አድርጋ ይዛው ቀጠለች፤ የቀሩትን ሁሉ አጸዳች። እኔ ሦስት ጊዜ ዘልያለሁ። እትዬ መሰናክሉን አላየችም፤ ዓይኗ ከልጇ እግር አልተነሳም።

ሁሉም ጨርሰው ሲወርዱ ኮርቻ አስወረዱ። ባልደራሱ ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው እየሄዱ ጎኑን በመዳፋቸው ያሻሉ፣ ያያሉ፣ ወረቀታቸው ላይ ይጽፋሉ፣ ያልፋሉ። የእኛዋ ጋ ሲደርሱ ግራውን አሹ። ቀኙን አሹ። ወደ ግራው ተመለሱ። ከዚያ ቀና ብለው በሰዉ መሀል ፈለጉና «ሜትር! ነይ እስቲ» ብለው ተጣሩ።

የእትዬ እጅ ክንዴን ሲጨመድደው ይሰማኛል። «ላጠው» አለች በሹክሹክታ። «ፈረሱን ላጠው።» ሄደች። እኔም ተከተልኩ፤ ማን ሊያስቀረኝ። ፌንጣ ፈረሷን ይዛ ቆማለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

ባልደራሱ የእህቴን እጅ ያዙና የፈረሱ ጎን ላይ፣ የልጅቱ እግር የነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጡት።

«ፈልጊ» አሏት።

እትዬ ፈለገች። በጣቷ ጫፍ፣ ቀስ ብላ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ፀጉሩን ወደ ኋላ እየገለጠች አየች። ወደ ሌላው ጎን ዞራ ደግማ ፈለገች። ሰዉ ሁሉ ያያታል።

«ምን አገኘሽ?»

«ምንም» አለች።

«እኔም ምንም አላገኘሁም። አምስት ፈረስ ላይ አግኝቻለሁ፤ እዚህ የለም።» ወረቀታቸውን አጠፉ። «ልጅሽ ከአራቱ አንዷ ናት።»

ፌንጣ ጮኸች፤ እኔም ጮህኩ፤ ፈረሱ ደንግጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ያቺ ስለ ልጅቱ እግር ስትጠይቅ የነበረችው ሴትዮ ከአጥሩ ላይ ዘንበል ብላ «ይቅርታ፣ የልጅቷን ገምባሌ ማን ነው የሰፋው?» ብላ ጠየቀች።

እትዬ እጇን ከፈረሱ ጎን ሳታነሳ ዞረች።

«እኔ ነኝ!» አለች፣ ሜዳው ሁሉ እስኪሰማ። «የሰፋሁት እኔ ነኝ!»